በቋንቋችን የሚያክም ክሊኒክ ጸንቶ እንዲኖር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምናደርጋቸው የማኅበረሰብ ስብሰባዎች ላይ፣ የፊዚካል ቴራፒ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ወጣቶች ቀረብ ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የራስን ክሊኒክ ከፍቶ መሥራት ያዋጣል?» ይላሉ። ያዋጣል እላቸዋለሁ። ቀጥዬም ያልተጠየቅሁትን እጨምራለሁ፤ በዚህ ሥራ በቶሎ የሚያተርፈው መንገድ ሕመምተኛውን ብዙም የማይጠቅመው ነው፤ ሕመምተኛውን የሚጠቅመው መንገድ ደግሞ በክፍያ ሕጉ ምክንያት ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄዷል። ለዓመታት አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ሳስተዳድር የተመለከትሁትን እዚህ የማቀርበው ጉዳዩ የባለ ክሊኒኮች የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ነው። እንዲህ ያለ ክሊኒክ ሲዘጋ አስቀድመው የሚጎዱት ሕመማቸውን ከአማርኛ በቀር በሌላ ቋንቋ መግለጽ የማይችሉ ወላጆቻችን ናቸውና።

ሙያው በአገር ቤት ፊዚዮቴራፒ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን የሚመጡት ወጌሻ ጠብቀው፣ አለዚያም ማሳጅ ጠብቀው ነው። ወጌሻን አቃልዬ አላውቅም፤ የእግር ኳስ ዘጋቢዎቻችን ሜዳ ላይ ሮጦ የሚገባውን የሕክምና ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ ብለው ሲጠሩት እሰማለሁ፤ ስሙም የተከበረ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ ወጌሻ ሥራውን በገዛ እጁ ፈጽሞ ያሰናብታል፤ የእኛ ሕክምና ግን አብዛኛው የሚፈጸመው በታካሚው በራሱ ጉልበት፣ በታካሚው ቤት፣ እኛ በሌለንበት ሰዓት ነው። አንድ ሰው ክኒን ሲውጥ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ባይረዳውም ክኒኑ ሥራውን ይሠራል። ያልተረዳው እንቅስቃሴ ግን ምንም አይሠራለትም፤ አንዳንዴም ይጎዳዋል። ስለዚህ በእኛ ሙያ ውስጥ ቋንቋ ከሕክምናው ጎን የሚቀመጥ ምቾት አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

ወደ ደጃችን የሚመጡት እነማን እንደ ሆኑ አንባቢው ሳይነግሩት ያውቃል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ወገባቸው እንደ መቀመጫው ታጥፎ የቀረ አባቶች፤ በቀን ስንት አልጋ እንዳነጠፉ መቁጠር የተዉ የሆቴል ሠራተኞች፤ አረጋውያንን እያነሡ እያስቀመጡ ትከሻቸው የተበጠሰ እናቶች፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያነሡ፣ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ወንድሞች። አካላቸው የእንጀራ ገመዳቸው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የትከሻ ጅማት ጉዳት ማለት የቤት ኪራይ ማለት ነው፤ ወደ አገር ቤት ለወላጅ የሚላከውም ገንዘብ በዚያው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አማርኛ ለሕመም ያለው ቃል ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም ለባለሙያ የተለየ ነገር ይናገራል። «ይወጋኛል» ያለ ሰውና «ይቆረጥመኛል» ያለ ሰው አንድ ዓይነት ምርመራ አይደረግላቸውም። «ይነዝረኛል» ሲባል አሳቤ ወደ ነርቭ ይሄዳል፤ «ይጠዘጥዘኛል» ሲባል ወደ እብጠትና ወደ ቁጣ፤ «ያቃጥለኛል»፣ «ይደነዝዘኛል»፣ «ይከብደኛል» ደግሞ የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ይሰፍራል፤ ሕመም። ከሕመሙም ቀጥሎ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ቁጥር ስጡ ይባላሉ። እናቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ «ልጄ፣ እሱ ነው የሚያውቀው» የሚል ነው።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አንዲት እህት በሌላ ክሊኒክ ለሳምንታት ለወገብ ሕመም ስትታከም ቆይታ፣ አልሻል ሲላት በዘመድ ምክር ወደ እኔ መጣች። በቀድሞው ቦታ ያስተረጉምላት የነበረው የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ነበር። እኔ ዘንድ ገብታ ገና ከመቀመጧ «መቀመጫዬ ደነዘዘኝ» አለችኝ። ከዚህ በፊት ለሐኪም ነግረሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ደጋግማ እንደ ተናገረች ገለጸችልኝ። ልጁ ግን «ስትቀመጥ ያማታል» እያለ ነበር የተረጎመው። ከልጁ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም፤ ያደገው በእንግሊዝኛ ነው፤ «መቀመጫ» የሚለውን ቃል ያወቀው ከወንበር ጋር ነው። ሽንት እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት ዝም አለች፤ ከዚያም ሁለት ቀን እንደ ተቸገረች፣ ይህንን ግን በልጇ አፍ ለማስነገር እንዳፈረች ነገረችኝ። የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝና የሽንት መቸገር ከወገብ ሕመም ጋር አንድ ላይ ሲታዩ፣ በአከርካሪ ጫፍ ያለው የነርቭ ጥቅል መታነቁን የሚያመለክቱ የአደጋ ምልክቶች ናቸው፤ ሰዓታት ይቆጠራሉ። ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁ፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ዛሬ ትራመዳለች፤ በምርኩዝ ነው።

ሕጉ ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ ተናግሯል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ማንንም እንዳያገል ይከለክላል፤ ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም የቋንቋ አገልግሎት ያለመስጠትን በዚሁ ውስጥ አስገብተው ሲያዩት ኖረዋል። በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ በአንቀጽ 1557 ይህንኑ ግዴታ በጤና ተቋማት ላይ አጽንቶታል። በ2024 የወጣው የማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ መቅረብ እንዳለበት፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለአስተርጓሚነት መዋል እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። በዋሽንግተን ከተማም ከ2004 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚያስገድድ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛም ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

በመጋቢት 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ብሎ፣ ከ2000 ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ይመራ የነበረውን የቋንቋ ተደራሽነት ትእዛዝ ሽሯል። ከዚህ በኋላ «ከእንግዲህ አስተርጓሚ የማግኘት መብት የለንም» ሲሉ የሰማኋቸው ብዙ ናቸው። ይህ ስሕተት ነው። ትእዛዙ በምክር ቤት የወጡትን የ1964ቱንም የ2010ሩንም ሕጎች ሊሽር አይችልም። ሆኖም መሥሪያ ቤቶች ለቁጥጥሩ ያላቸው ትጋት መላላቱ የማይቀር ስለሆነ፣ መብቱን ራሳችን ካልጠየቅነው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

አሁን የማይወደደውን ልናገር። ሕጉ አስተርጓሚ አቅርብ ይላል፤ ማን ይክፈል የሚለውን ግን አይመልስም። እኔ አማርኛ እናገራለሁ፤ ነገር ግን ወደ እኔ የሚመጡት አማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ አይደሉም። ትግርኛም፣ ስፓንኛም፣ ሌላም አለ፤ ለእነርሱ በስልክ የሚያስተረጉመውን ድርጅት የምከፍለው በደቂቃ ነው። ሜዲኬር ለዚህ የተለየ ክፍያ የለውም። ሜዲኬይድን በተመለከተ ስቴቶች ከፈለጉ ለአስተርጓሚ የሚያወጡትን ወጪ ከፌዴራል መንግሥት ጋር መጋራት ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ግን ለክሊኒኮች በቀጥታ አይከፍሉም። ትልቅ ሆስፒታል ይህን ወጪ ውጦ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያ ያለው ክሊኒክ ግን አንድ ታካሚን በአስተርጓሚ ሲያስተናግድ የዚያን ቀን ትርፉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከፍላል። ሕጉን ማክበር እንደ ቅጣት የሚቆጠርበት አሠራር ብዙ ሰው ሕጉን እንዲሸሽ ያደርጋል፤ ስልክ ሲደወል «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» የሚባለው መልስ ከየት እንደሚመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለ ክፍያው በዝርዝር ካልተነጋገርን ግን ነገሩ ስሞታ ሆኖ ይቀራል። ሜዲኬር ለእያንዳንዱ አገልግሎት ነጥብ ሰጥቶ ነጥቡን በአንድ የዶላር ማባዣ ያባዛዋል። ማባዣው በ2020 36.09 ዶላር ነበር፤ በ2025 32.35 ዶላር ሆነ። በአምስት ዓመት ከመቶ አሥር እጅ በላይ ወረደ ማለት ነው፤ በእነዚያው ዓመታት የኪራይ፣ የደመወዝ፣ የመብራትና የኮምፒውተር ፕሮግራም ዋጋ ወዴት እንደ ሄደ ሁላችንም እናውቃለን። ለሆስፒታል አልጋ የሚከፈለው ዋጋ ከወጪ ንረት ጋር እየተገናዘበ በየዓመቱ ይስተካከላል፤ ይህኛው እንዲህ ያለ ማስተካከያ የለውም። በዚህ ላይ ከ2013 ጀምሮ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ አገልግሎት ለሰጠ ባለሙያ፣ ከመጀመሪያው በቀር በሌሎቹ ላይ ለክሊኒክ ወጪ ተብሎ የሚታሰበው ድርሻ በግማሽ ይቆረጥበታል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ረዳት ባለሙያ ለሰጠው አገልግሎት የሚከፈለው ከመቶ 85 እጅ ብቻ ነው። ብዙዎቹ የግል መድን ድርጅቶችም ውላቸውን የሚያስሉት የሜዲኬርን ዋጋ መነሻ አድርገው ስለሆነ፣ እዚያ የተቆረጠው እዚህም ይቆረጣል።

ሐኪም የሜዲኬር ዋጋ አልስማማው ካለ ከሥርዓቱ ወጥቶ ታካሚውን በግል ስምምነት ማስከፈል ይችላል። የፊዚካል ቴራፒ ባለሙያ ግን ሕጉ እንዲወጡ ከፈቀደላቸው መካከል አይደለም። መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ ኪራዩ እየጨመረ ነው።

እንግዲህ በቶሎ የሚያተርፈው መንገድ ይኸው ነው፦ በአንድ ሰዓት ሦስት አራት ሰው ማስገባት፣ አንዱን በሙቅ ፎጣ ሌላውን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ማስተኛት፣ ሦስተኛውን ልምድ በሌለው ሠራተኛ እጅ ብስክሌት ላይ ማስቀመጥ። የመኪና አደጋ ሲሆን ደግሞ ከጠበቃ ጋር ተመሳጥሮ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ታካሚውን በሳምንት ሦስት ቀን ማመላለስ። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ከእኛም ወገን አሉ። ሜዲኬር በሰዓት የሚለካ አገልግሎት ሲከፍል ባለሙያው ከአንድ ታካሚ ጋር ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አንድ መለኪያ ለማስከፈል ቢያንስ 8 ደቂቃ፣ ሁለት ለማስከፈል 23፣ ሦስት ለማስከፈል 38 ደቂቃ መሥራት ግድ ነው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ እያስተናገዱ ለእያንዳንዳቸው 38 ደቂቃ መጻፍ ማጭበርበር ይባላል፤ ሌላ ስም የለውም።

እኔ የጀመርሁት በዕቁብ ነው። ባንክ ብድር ለመስጠት የሁለት ዓመት ሒሳብ ሲጠይቀኝ ዕቁብተኞቼ የጠየቁኝ «መቼ ነው የምትከፍተው?» ብለው ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያውንም ዕጣ ለእኔ ለቀቁልኝ። ያ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ወራት አልዘልቅም ነበር። ምክንያቱም ከመድን ድርጅቶች ጋር የመመዝገቡ ሒደት ሦስትና አራት ወር ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ኪራይ ይከፈላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ገቢ ግን የለም። ይህን የማያውቁ ጎበዝ ባለሙያዎች በሙያቸው ሳይሆን በስድስተኛው ወር ላይ በጥሬ ገንዘብ እጦት ወድቀዋል። ለሚጠይቁኝ ወጣቶች ከመሣሪያ በፊት የስድስት ወር ወጪ ያዙ የምለው ለዚህ ነው። ትሬድሚል ከፌስቡክ ገበያም ይገኛል።

ቀጥሎ የተማርሁት አንድ ታካሚ አንድ ጊዜ ሲመጣ ስንት እንደሚያስወጣኝ ማወቅን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላሰላው ሠራሁ። ባሰላሁት ቀን ከመድን ድርጅቶቹ አንዱ፣ ምንም ያህል ብሠራ በቀን የሚከፍለኝ ቁርጥ ዋጋ ከወጪዬ በታች እንደ ሆነ አየሁ። በዚያ መድን የሚመጡት ታካሚዎቼ ብዙ ነበሩ፤ ክሊኒኩ ሙሉ ይመስል ነበር፤ እኔም በሙላቱ እኮራ ነበር። ዋጋው እንዲሻሻል ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ መልስ ሳጣ ውሉን አቋረጥሁ። ውሉን ማቋረጤ ክሊኒኩን አዳነው፤ ግን በዚያ መድን ይታከሙ የነበሩት አንዲት እናት ከዚያ በኋላ አማርኛ የማይነገርበት ቦታ ለመሄድ ተገደዱ። ይህን የምናገረው ውሳኔው ትክክል አልነበረም ለማለት አይደለም። ዛሬም ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ። የክፍያ ሕግ ሲበላሽ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እንዲታይ ያህል ነው።

ከማኅበረሰባችንም ጋር የምወቅሰውና የምወቀስበት ነገር አለ። ሜዲኬር ያላቸው ሰዎች ተጨማሪ መድን ከሌላቸው ከክፍያው ከመቶ ሃያውን እጅ ራሳቸው ይከፍላሉ። አባቶች ይህን ሲሰሙ «አንተ የእኛ ልጅ አይደለህም እንዴ? ለእኛም ኮፔይ ትጠይቃለህ?» ይሉኛል። ይሉኝታ ይይዘኛል፤ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ነገር ግን ይህን ድርሻ ለሁሉም በዘልማድ መተው በፌዴራል ሕግ እንደ ጉቦ የሚቆጠርበት ምክንያት አለ፤ ታካሚ የሚሳብበት መደለያ ነውና፣ ክሊኒኩን የሚያዘጋ ቅጣትም ያስከትላል። ሕጉ የሚፈቅደው በእውነት የተቸገረውን ሰው አቅም በየግሉ መርምሮ፣ በጽሑፍ መዝግቦ መተውን ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ ልተውልዎት አልችልም፤ ግን ይህን ቅጽ እንሙላ» እላለሁ። አንዳንዶች ይቀየሙኛል። ቅጹን ለመሙላት ማፈር ከሕመሙ የበለጠ የሚከብዳቸው አባቶች አሉ፤ እነርሱን ለማሳመን የማጠፋውን ጊዜ ማንም አይከፍለኝም፤ አልጸጸትበትም።

ሌላው የማይታወቅ ነገር ወደ እኛ ለመምጣት የግድ የሐኪም ወረቀት የማያስፈልግ መሆኑ ነው። በሃምሳዎቹም ስቴቶችና በዋሽንግተን ከተማ፣ ገደቡ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ሕጉ ታካሚ በቀጥታ ወደ ፊዚካል ቴራፒ ባለሙያ እንዲሄድ ይፈቅዳል። አንዳንድ መድኖች ግን ለመክፈል ወረቀቱን ይጠይቃሉ፤ ሜዲኬርም የሕክምናው ዕቅድ በሐኪም እንዲታወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሞ መድኑን ደውሎ መጠየቅ ይገባል። ቀጠሮ እስኪገኝ ሦስት ወር በሕመም ማስታገሻ እየተገፋ የሚቆየው ትከሻ እኔ ዘንድ ሲደርስ ደርቆ ነው፤ የደረቀ ትከሻ ደግሞ የሚፈታው በወራት ነው።

ስለ ባለሙያ እጥረት የሚነሣ ቅሬታ ሲኖር ዘወትር ትዝ የሚለኝ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምረው፣ በአገር ቤት ሆስፒታሎች ሠርተው፣ እዚህ ግን መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። የውጭ ትምህርት ያለው ሰው ፈቃድ ለማግኘት ትምህርቱን አንድ በአንድ ማስገምገም፣ የጎደለውን ኮርስ መሙላት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም ከ800 ነጥብ 600 የሚጠይቀውን ብሔራዊ ፈተና መውሰድ አለበት። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም፤ የሰው አከርካሪ በእጃችን ነው። ነገር ግን አንድ የሁለት ልጆች አባት ሌሊት እየሠራ ይህን ሁሉ በገዛ ኪሱ እንዲወጣው መተው ብክነት ነው። ለሠርግና ለሐዘን የምናዋጣ ሕዝብ ለፈተና ክፍያ ማዋጣት አያቅተንም።

በ1997 በወጣ ሕግ ሜዲኬር ለፊዚካል ቴራፒ በዓመት የሚከፍለው በቁርጥ ጣሪያ ተገድቦ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ጣሪያው በየጊዜው ሲታገድ፣ ሲራዘም፣ ሲመለስ ኖሮ በ2018 በምክር ቤቱ ተሻረ። የሻሩት እንደራሴዎች ስለ ጉልበትና ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ የተለየ ዕውቀት ስለነበራቸው አይደለም፤ ታካሚዎችና ባለሙያዎች ቢሯቸው እየሄዱ ሃያ ዓመት ስላልተዉአቸው ነው። አሁን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ማባዣው ከወጪ ንረት ጋር እንዲያያዝና ሜዲኬር ለአስተርጓሚ እንዲከፍል። ከስቴት ምክር ቤቶቻችን ደግሞ በሜዲኬይድ በኩል የተፈቀደላቸውን የፌዴራል ድርሻ እንዲጠቀሙበት እንጠይቃለን። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በምርጫ ጊዜ የእኛን ድምፅ ለመጠየቅ ምግብ ቤቶቻችን ድረስ የሚመጡ እንደራሴዎች አሉ፤ ክትፎውን ሲቀምሱ ይህን ጥያቄ ደርበን ብናቀርብላቸው አግባብ ነው።

ለእንዲህ ያለው ቀጠሮ ባለሙያ ብቻ ቢሄድ አይበቃም። ምርኩዝ የያዘችው እህት ልምጣ ብላኛለች፤ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አስተርጓሚውን እነርሱ ያምጡ ነው ያለችኝ። ማኅበራችን ቀኑን ሲያሳውቀኝ የግማሽ ቀን ቀጠሮዎቼን አዛውሬ አብሬያት እሄዳለሁ።